«ሰውነቴ ለምዶታል» ለምትሉ ልጆች

እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው ያረጀሁት። ዛሬ እንድጽፍ ያደረገችኝ አንዲት አባባል ናት። «እኔን አሞክሳሲሊን አይዘኝም፣ ሰውነቴ ለምዶታል።» የእህቴ ልጅ ባለፈው ሰሞን ቡና ላይ እንዲሁ አለችኝ።

ልጆች፣ አሞክሳሲሊን አንቲባዮቲክ ነው፣ ባክቴሪያን የሚገድል መድኃኒት። መድኃኒቱን የተላመደው ሰውነታችሁ አይደለም። ባክቴሪያው ነው። ሰውነት ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ በእናንተ ይቀር ነበር፤ ባክቴሪያ ግን ከእጅ ወደ እጅ፣ ከእናንተ ወደ እናታችሁ፣ ከእሷም ወደማታውቁት ሰው ይሄዳል።

አንድ ጠዋት ያየሁትን ልንገራችሁ። ከአንድ አራስ ልጅ ደም የበቀለ ባክቴሪያ ነበር። የስኒ ማስቀመጫ በምታህል ክዳን ያላት ሳህን ላይ ባክቴሪያውን እንቀባለን፣ መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች እንደረድርበታለን፣ ከዚያ ሙቀት ውስጥ እናሳድራለን። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ ጠዋት በወረቀቷ ዙሪያ ጥርት ያለ ክብ ይታያል፣ በማስመሪያ እንለካዋለን። የዚያን ቀን ማስመሪያው ብዙም አላስፈለገኝም። ባክቴሪያው እስከ ወረቀቶቹ ጠርዝ ድረስ ግጥም ብሎ በቅሏል። የአንዷ ዙሪያ ብቻ ጠርቷል፣ የእሷ መድኃኒት ደግሞ ፋርማሲያችን ውስጥ አልነበረም። ወጣቱ ሐኪም በር ላይ ቆሞ «ታዲያ ምን ልጀምርለት?» አለኝ። ሕፃኑ ከተወለደ አራት ቀኑ ነው። በሕይወቱ አንድ ካፕሱል አልዋጠም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሳይንቲስቱ ፍሌሚንግ ፔኒሲሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ለንደን ውስጥ ከሻጋታ ያገኘው በ1928 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። በ1940፣ መድኃኒቱ ገና በሰፊው ሰው ሳይታከምበት፣ አብርሃምና ቼይን የሚባሉ ተመራማሪዎች ፔኒሲሊንን የሚያፈርስ ባክቴሪያ እንዳለ ጻፉ። ሻጋታና ባክቴሪያ አፈር ውስጥ ከጥንት ሲዋጉ ኖረዋል፣ ስለዚህ መከላከያውም ጥንታዊ ነው። እኛ ያደረግነው መድኃኒቱን በየቦታው እየረጨን ደካሞቹን መግደልና መከላከያ ላላቸው ቦታ መልቀቅ ነው። አንዳንዱ ባክቴሪያ ሲመቸው በ20 ደቂቃ ሁለት ይሆናል። ከሚሊዮን አንዱ ከተረፈ በማግስቱ ሰፈሩ የእሱ ነው።

በ1941 ኦክስፎርድ ውስጥ አልበርት አሌክሳንደር የሚባል ፖሊስ ኢንፌክሽን ሊገድለው ሲል ፔኒሲሊን ተሰጠው። ትኩሳቱ ወረደ፣ መብላት ጀመረ። መድኃኒቱ በጣም ጥቂት ስለነበር ከሽንቱ ላይ እያወጡ መልሰው ይሰጡት ነበር። አለቀ። ሰውየውም ሞተ። ይህን ሳስብ፣ ቴትራሳይክሊን ካፕሱል ከፍተን ዱቄቱን ቁስል ላይ የምንነሰንሰው ነገር ያንገበግበኛል።

ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ንግግሩ ላይ አንድ ምሳሌ ሰጥቶ ነበር። ጉሮሮውን ያመመው ሰው ፔኒሲሊን ገዝቶ የማይበቃ መጠን ይወስዳል። የተላመደውን ባክቴሪያ ለሚስቱ ያስተላልፍባታል። እሷ የሳንባ ምች ይይዛታል፣ ፔኒሲሊን አይሠራላትም፣ ትሞታለች። ለሞቷ ተጠያቂው ማነው ብሎ ጠየቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሩጫ ነው። ፔኒሲሊንን ለሚያፈርሱት ባክቴሪያዎች ሜቲሲሊን የሚባል ሌላ መድኃኒት ተሠራ፤ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1961፣ እሱንም የተላመደ ስታፍ የሚባል ባክቴሪያ እንግሊዝ ውስጥ ተዘገበ። ጃፓን ውስጥ በ1950ዎቹ ባክቴሪያ ያመጣው ተቅማጥ አራት መድኃኒቶችን በአንዴ ተቋቋመ። ባክቴሪያዎቹ መከላከያውን አንጀት ውስጥ ለሌላ ዝርያ ጭምር እንደሚያቀብሉ የታወቀውም ያኔ ነው። ለ2019 በተሠራ ግምት በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰው በቀጥታ በዚህ ምክንያት ሞቷል።

እና ምን እናድርግ ትሉኛላችሁ። ጉንፋን ቫይረስ ነው፣ አንቲባዮቲክ አይነካውም፣ አትጠይቁ። በሐኪም ሲታዘዝላችሁ በታዘዘው መጠንና ሰዓት፣ እስከተባለው ቀን ውሰዱ። ሻል ብሏችሁ ማቆም ካሰባችሁ መጀመሪያ ሐኪሙን ጠይቁ። ፋርማሲ የምትማሩ ደግሞ፣ ያለ ማዘዣ ሁለት ፍሬ ብቻ ስጡኝ የሚል ሰው በየቀኑ ይመጣባችኋል። ተቆጥቶ ሌላ ቤት ሊሄድ ይችላል። ቢሆንም እንቢ በሉት፣ ግን ለምን እንደሆነ ቁጭ ብላችሁ አስረዱት።

መሳቢያችሁ ውስጥ የተረፈ ካፕሱል ካለም ለጎረቤት አታካፍሉት። ፋርማሲ ወስዳችሁ እንዴት እንደሚወገድ ጠይቁ።