የጣና ዓሣ የአዮዲን ጨውን ይተካል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ባሕር ዳር ነው የምኖረው። የ4 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የልጄ የባዮሎጂ መጽሐፍ ሰውነታችን 96 በመቶው ኦክሲጅን፣ ካርቦን፣ ሃይድሮጅንና ናይትሮጅን ነው ይላል። ታዲያ ጤና ጣቢያ ስንሄድ «አዮዲን ያለው ጨው ተጠቀሙ» የሚሉን ለምንድን ነው? ቀረሶና አምባዛ በየሳምንቱ እንበላለን፤ አይበቃም? አንገቴ ላይ ትንሽ እብጠት አለ። እናቴም እንቅርት ነበረባት።

መልስ፦ እህቴ፣ መጽሐፉ ልክ ነው። ኦክሲጅን ብቻውን 65 በመቶ ያህል ነው፤ አብዛኛው አካላችን ውኃ ስለሆነ። አዮዲን ግን በመላ ሰውነታችን ከ15 እስከ 20 ሚሊግራም ቢሆን ነው። ከአንድ ቁንጥር ጨው ያነሰ ማለት ነው። ይህች ትንሽ ነገር ከሌለች ግን አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኑን መሥራት አይችልም። ሲቸገር ያብጣል፤ እንቅርት የምንለው ይህንን ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጽንሱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት አንጎሉ የሚያድገው በእናቱ ሆርሞን ነው። ለዚህም ነው ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም አዮዲን ሲበቃ ለነፍሰ ጡር 250 የሚያስፈልገው።

ዓሣውን አይተዉት፣ ጥሩ ፕሮቲን ነው። በአዮዲን የሚታወቀው ግን የባሕር ዓሣ ነው። የደጋውን አፈር አዮዲን ዝናብ ለዘመናት አጥቦታል። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራና ርብ ወደ ጣና የሚያመጡት ውኃ ከዚሁ መሬት የሚወርድ ነው። ስለዚህ በጣና ዓሣ መተማመን አይቻልም።

የምግብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው በ2003 ዓ.ም. በመንግሥት ደንብ ተደንግጓል። ገበያ ላይ ተዘርግቶ በጣሳ የሚሰፈረውን ትተው «አዮዲን ያለው» የሚል የታሸገ ጨው ይግዙ። ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእሳት አርቀው ያስቀምጡ። ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨምሩት፤ አዮዲን በሙቀት ይተናል። ጨው አብዙ ማለቴ ግን አይደለም፣ ለደም ግፊት አይበጅም።

ለቁስል የሚቀባውን አዮዲን ጠብታም ቢሆን እንዳይጠጡ፤ አደገኛ ነው። በክትትል የሚሰጥዎት የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብልም አዮዲን የለበትም፤ እሱን ግን አያቋርጡ።

እብጠቱን በዚህ ሳምንት ለጤና ጣቢያው ባለሙያዎች ያሳዩ። የእናትዎንም ነገር ይንገሯቸው። የታይሮይድ የደም ምርመራ ያዙልዎታል። መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረዎት፣ ወይም ድምፅዎ ከጎረነነ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሆስፒታል ይሂዱ።