«የልጅነት ነገር ነው» ይለኛል

ጤና ይስጥልኝ። 36 ዓመቴ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ታላቅ ወንድሜ በ5 ዓመት ይበልጠኛል። «ጋሼ» እያልኩት ነው ያደግሁት። ወላጆቻችን ሱቅ ስለሚውሉ ቤቱም እኔም በእሱ እጅ ነበርን። ከ7 ዓመቴ እስከ 14 ዓመቴ በቀበቶ ገርፎኛል። ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፎብኛል። ለእማዬ ስነግራት «ታላቅሽ አይደል? ሊያርምሽ ነው» ትለኝ ነበር።

ዛሬም ባለቤቴ ቀበቶውን ሲፈታ ድምፁ ያስደነግጠኛል። አለቃዬ ከተቆጣ ሳላጠፋ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ልጆቼ በአሻንጉሊት ሲጣሉ እጄ ይንቀጠቀጣል። አሁን ወንድሜ ለፋሲካ ከውጭ ይመጣል። እማዬ «ሳልሞት ታረቁልኝ» ብላ ሽማግሌ ልትልክብኝ ነው። እሱ «የልጅነት ነገር ነው» ብሎ ይስቃል። ክፉ ሆኜ ነው?

መልስ፦

እህቴ፣ ክፉ አይደለሽም።

የልጆች ጠብ ሲሆን ዛሬ አንዱ ይነጥቃል፣ ነገ ሌላው። ማታ አብረው ይስቃሉ። የልጆችሽንም በዚህ መዝኚው። እናንተ ቤት ግን መቺው ሁሌ እሱ፣ ፈሪዋ ሁሌ አንቺ ነበርሽ። ያ ጠብ አይባልም፤ ግፍ ነው። ታላቅን ማክበር ደስ የሚለኝ ባህላችን ነው። ግን ታላቅ ሲበድል ታናሽ ለማን አቤት ትበል? ይሄ ሁሌም ያንገበግበኛል።

በእንግሊዝ አገር ወደ 7 ሺህ የሚጠጉ ልጆች በ12 ዓመታቸው ስለ እህትና ወንድሞቻቸው ተጠይቀው፣ ከእነሱም ግማሽ ያህሉ በ18 ዓመታቸው እንደገና ታይተው ነበር። በሳምንት ብዙ ጊዜ በእህት ወይም በወንድም ሲሰቃዩ የነበሩት በድብርት የመያዝ ዕድላቸው በእጥፍ ገደማ በልጦ ተገኘ። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። አንቺ ደግሞ 7 ዓመት ሙሉ በገዛ ቤትሽ ስትሸማቀቂ ኖረሻል። ሰውነትሽ ዛሬም ዘብ መቆሙን ባይተው ምን ይገርማል?

የሥነ ልቦና ባለሙያ አማክሪ። አዲስ አበባ ከሆንሽ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ስሙን ሰምተው የሚያሽሟጥጡትን ተያቸው፤ ጭንቀት የበዛበትም ሰው ይታከምበታል።

ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀበያቸው። ከዚያ «መጀመሪያ ያደረገውን ይመን» በያቸው። በእኛም ወግ ዕርቅ የሚወርደው በዳይ ጥፋቱን ሲያምን ነው። የሚስቅ ሰው ገና አላመነም። ቢያምን እንኳ መቼ እንደምታገኚው የምትወስኚው አንቺ ነሽ።

እናትሽን ግን በእሱ ምክንያት አትጪ። ፋሲካን ከእሷ ጋር መፈሰክ ካማረሽ፣ እሱ የማይኖርበትን ሰዓት ጠይቀሽ ልጆችሽን ይዘሽ ሂጂ።