አጥንትና ካርቲሌጅ ሁለቱም ኮላጅን ካላቸው ለምን ተለያዩ?

ሰላም እኅታችን። «አጥንትም ካርቲሌጅም ኮላጅን ካላቸው አንዱ ለምን ጠጣር፣ ሌላው ለምን ለስላሳ ሆነ? የቅልጥም መረቅስ የእናቴን ጉልበት ይጠግናል ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። እዚህ ጎንደር በአናቶሚ ላቦራቶሪ ተማሪዎችን በማገዝ ለዓመታት ስለሠራሁ በዚያ ያየሁትን መሠረት አድርጌ እመልሳለሁ።

ኮላጅን ክር መሰል ጠንካራ ፕሮቲን ነው፤ ካርቲሌጅ ደግሞ በመገጣጠሚያ ላይ የአጥንትን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ነገር ነው። የሁለቱ ኮላጅን ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የአጥንቱ ዓይነት 1 ሲሆን ከኦርጋኒክ (ማዕድንና ውኃ ካልሆነው) ክፍሉ 90 በመቶ ያህሉን ይይዛል፤ በመገጣጠሚያ ካርቲሌጅ የሚበዛው ግን ዓይነት 2 ነው። ይሁንና በእኔ አስተያየት ዋናው ልዩነት ያለው በክሮቹ መካከል በሚገባው ነገር ላይ ነው።

ይህንን የማሳየው ከቅዳሜ ገበያ በተገዛ ዶሮ ነው። ሥጋው የጸዳ የእግር አጥንት አቼቶ ውስጥ ሲገባ ጥቃቅን አረፋ ያወጣል፤ አቼቶው እየተለወጠ ለቀናት ሲቆይ ደግሞ አሲዱ የካልሲየም ማዕድኑን አሟሙቶ ስለሚያወጣው፣ አጥንቱ ቅርጹን ሳይለቅ እንደ ጎማ ይተጣጠፋል። ሌላው አጥንት ከሰል ላይ ነጭ እስኪሆን ከተቃጠለ ግን ፕሮቲኑ ስለሚጠፋ በጣት ሲጫኑት ይፈረፈራል። ሁለቱን በእጁ የያዘ ተማሪ ጥንካሬው ከማዕድኑ፣ በቀላሉ አለመሰበሩ ከኮላጅኑ እንደሚመጣ ወዲያው ይገባዋል። በአጥንት ውስጥ እንደ ኦስቲዮካልሲን ያሉ ካልሲየም የሚይዙ ፕሮቲኖችም አሉ፤ ኦስቲዮካልሲን ለዚህ ሥራው ቫይታሚን ኬ ያስፈልገዋል።

በዚያው አጥንት ጫፍ ላይ ያለው ነጭ፣ አንጸባራቂና አዳላጭ ሽፋን ካርቲሌጅ ነው። በክሮቹ መካከል ማዕድን ሳይሆን አግሪካን የተባለ ትልቅ ፕሮቲን አለ፤ በላዩ የተንጠለጠሉት የስኳር ሰንሰለቶች አሉታዊ (ኔጌቲቭ) የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው ውኃ ይስባሉ፤ ከካርቲሌጁ ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውኃ የሚያዘውም በዚህ ነው። አግሪካኑ ውኃ ስቦ ሊያብጥ ሲል የኮላጅኑ መረብ ወጥሮ ይገታዋል። ስንቆም ውኃው በከፊል ተጨምቆ ይወጣል፤ ስናርፍ ይመለሳል።

መረቁን በተመለከተ፣ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው ጄላቲን በሙቀት የተፈታ ኮላጅን ነው። ሲጠጣ አንጀት ወደ አሚኖ አሲዶችና አጫጭር ቁርጥራጮች ይፈጨዋል እንጂ እንዳለ ሄዶ ጉልበት ላይ አይለጠፍም። ካርቲሌጅ የደም ሥር ስለሌለውም አንዴ ተፍቆ ከሳሳ በኋላ ራሱን የመጠገን አቅሙ ደካማ ነው። መረቁ ምግብ ነውና እናትዎ ይጠጡት፤ ሰውነት ኮላጅን ሲሠራ ቫይታሚን ሲ ስለሚያስፈልገው ቃሪያና ብርቱካንም አይቅርባቸው። ጉልበታቸውን ግን ሐኪም ይየው፤ ችግሩ የካርቲሌጅ መሳሳት ከሆነ የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴና፣ ክብደታቸው ከፍ ያለ ከሆነ መቀነሱ፣ ከመረቁ ይልቅ ሕመሙን ያቀልላቸዋል።