ከሊድስ በአንድ ቀን ደርሶ ለመመለስ፦ የስኪፕተን ገበያ

ከኢትዮጵያ የመጡትን እናትዎን ይዘው ከሊድስ በአንድ ቀን ደርሰው የሚመለሱበት፣ ጥንታዊ ቢሆንም ለጎብኚ ብቻ ያልተተወና የአካባቢው ሰው ዛሬም የሚገበያይበት የገጠር ከተማ እንድንጠቁምዎ ጠይቀዋል። ደጋግሜ ከሄድኩባቸው ከተሞች ሁሉ ያለ ማመንታት የምመርጥልዎ በሰሜን ዮርክሻየር የምትገኘውን ስኪፕተንን ነው፤ ባቡሩ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ስለሚፈጅ እናትዎን አያደክማቸውም።

ከሁሉ በፊት ቀኑን ይምረጡ። ገበያው የሚቆመው ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ ሲሆን፣ በሌላ ቀን የሄደ ሰው ጥንታዊውን የስኪፕተን ግንብ ያያል እንጂ ከተማዋን አየሁ ለማለት ይቸገራል። እናትዎ ረቡዕና ዓርብን የሚጾሙ ከሆነ ሰኞን ወይም ቅዳሜን ቢመርጡ ይሻላል፤ የአካባቢውን የዌንስሊዴል አይብ ሳይቀምሱ መመለስ ያስቆጫልና። ገበያው የንጉሥ ፈቃድ ያገኘው በ1204 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬም ነጋዴዎቹ በዋናው ጎዳና ዳርና ዳር፣ ድንጋይ በተነጠፈበት ቦታ መደባቸውን ዘርግተው አትክልቱን፣ ልብሱን፣ ችግኙን ይሸጣሉ። በጠዋት ይድረሱ።

እኔ ግን አብልጬ የምወደው ከከተማዋ ዳር የሚገኘውን የቁም እንስሳት ጨረታ ነው። ገበሬዎች ከዮርክሻየር ዴልስ ሸለቆዎች በጎቻቸውንና ከብቶቻቸውን ያመጣሉ፤ አጫራቹ ለእንግዳ ጆሮ በማይያዝ ፍጥነት ዋጋ ሲጠራ፣ ገዢው ራሱን ነቅነቅ በማድረግ ብቻ ይጨምራል። ለእርድ የሚቀርቡ ጠቦቶች የሚሸጡት በኪሎ ስለሆነ ክብደታቸው አስቀድሞ ይመዘናል። በግ ወገቡንና ላቱን ዳብሰው መግዛት ለለመዱ እናት ይህን ማየት ቋንቋ አያስፈልገውም፤ የትኛው እንስሳ ዋጋ እንደሚያወጣ ራሳቸው ይፈርዳሉ። የጨረታው ቀናት ከጎዳናው ገበያ ጋር ሁልጊዜ ስለማይገጥሙ መርሐ ግብሩን አስቀድመው ይመልከቱ፤ እዚያም ሲደርሱ እንስሳት ከሚነዱበት መተላለፊያ ራቅ ብለው ይቁሙ፣ ጨረታው ሲካሄድም እጅዎን አያንሡ።

ግንቡ ከጎዳናው ራስ ላይ ነው። በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ለሦስት ዓመት ተከቦ በ1645 እ.ኤ.አ. እጁን የሰጠ ሲሆን፣ በኋላ ያስጠገኑት የግንቡ ባለቤት የነበሩት ወይዘሮ አን ክሊፈርድ ናቸው። ውስጡ ደረጃ ይበዛዋል። እናትዎን ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ግንቡን ከውጭ አይተው፣ ከገበያው ጥቂት እርምጃ ብቻ ወደሚርቀው የሊድስና ሊቨርፑል የውሃ ቦይ ይውሰዷቸው፤ የዳሩ መንገድ ሜዳ ስለሆነ ጀልባዎቹን እያዩ ቀስ ብለው ሊራመዱ ይችላሉ።