የማስማማት ቢሮ ከመክፈትዎ በፊት፦ ስለ ወዳጅዎ አንድ ጥያቄ

ጥያቄ፦ በአንድ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። የተጣሉ ሠራተኞችን ሳስታርቅ ነው የኖርኩት። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ የራሴን የማስማማት ቢሮ መክፈት እፈልጋለሁ። የጥብቅና ፈቃድ ያስፈልገኛል? ክፍያዬን ከተስማሙበት ገንዘብ ላይ በመቶኛ ብወስድስ? የመጀመሪያ ጉዳይ አግኝቻለሁ፤ ዳቦ ቤት በጋራ የከፈቱ ሁለት ሸሪኮች ናቸው። አንደኛው የቆየ ወዳጄ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ሐሳብዎ ጥሩ ነው። ዕርቅ በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 የራሱ ሥርዓት ተበጅቶለታል፤ ፌዴራል ፍርድ ቤቶችም አስማሚነትን እየተጠቀሙበት ነው። ለማስማማት ጠበቃ መሆን የለብዎትም። ነገር ግን በክፍያ የሕግ ምክር መስጠትና ውል ማርቀቅ የጥብቅና ሥራ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1249/2013ን ያንብቡ። የባልና ሚስት ፍቺ ቢመጣብዎም የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። በመቶኛ መከፈሉን አልመክርም። ገንዘቡ ከፍ ሲል የእርስዎም ድርሻ ከፍ ካለ፣ ዝቅ እንዲል ለሚፈልገው ወገን እንዴት ገለልተኛ ይሆናሉ? ቁርጥ ክፍያ ይሁን፤ ሁለቱም እኩል ይክፈሉ፤ አስቀድሞ በጽሑፍ ይስፈር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «የቆየ ወዳጄ ነው» ብለው አለፉ። ስለ ሁለተኛው ሸሪክ ግን አንድ ቃል አልጻፉም። ይህን ጉዳይ እንደያዙ ያውቃል? እርስዎን መርጧል? ወይስ ወዳጅዎ ቡና ላይ ነገሩን አጫውቶዎት፣ የዱቄት ደረሰኙን በስልኩ አሳይቶዎት፣ እርስዎም «እውነትህን ነው» ብለዋል? ብለው ከሆነ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አስማሚ መሆንዎ ያኔ አብቅቷል።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ደጋግሞ ስለሚገጥመኝ ነው። ሰዎች ስምምነት ይዘው ወደ ቢሮዬ ይመጣሉ። በእጅ የተጻፈ አንድ ገጽ ነው። ከታች የሁለቱ ፊርማ፣ ቀጥሎ የአስታራቂው ስም፣ ከስሙ ጎን «ምስክር» የሚል ቃል። ስድስት ወር ሳይሞላ አንዱ ወገን «አስታራቂው የሱ ሰው ነበር፤ ማታ ማታ ይደዋወሉ ነበር» ይላል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 3312 መሠረት ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ የሌለው የመጨረሻ ፍርድ ያህል ኃይል አለው። ቢሆንም ውል ነው። ፈቃዴን ያገኙት በተንኮል ነው የሚል ሰው ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። ያኔ በምስክርነት የፈረመው አስታራቂ በምስጢር የሰማውን ሁሉ ይዞ ለመስቀለኛ ጥያቄ ሊጠራ ይችላል። ስሙ በክፉ ከተነሳ በኋላ ማን ጉዳዩን አምኖ ይሰጠዋል? የዚህ ሥራ ሀብቱ ስም ብቻ ነው።

ስለዚህ እባክዎ ይህን ጉዳይ ለሌላ አስማሚ ይስጡት። አይሆንም ካሉ፣ ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት ወዳጅነትዎንና እስካሁን የሰሙትን ለሁለቱም በጽሑፍ ያሳውቁ። ሁለተኛው ሸሪክ አንብቦ፣ ከፈለገም ጠበቃ አማክሮ ይፈርም። በቃል «ችግር የለም» ማለቱ አይበቃም። በስምምነቱ ላይም በምስክርነት አይፈርሙ፤ ምስክሮቹ ሌሎች ሁለት ሰዎች ይሁኑ።

ደግሞ ዳቦ ቤቱ የማን ነው? የተመዘገበ ማኅበር ነው ወይስ በአንዱ ስም ብቻ የወጣ የንግድ ፈቃድ? ቤት የሚተላለፍበት ስምምነት ከሆነ በሰነዶች ማረጋገጫ ማለፍ አለበት። ክስ ተጀምሮ ከሆነ ደግሞ ስምምነቱ ለፍርድ ቤቱ ቀርቦ በፍርዱ መዝገብ እንዲሰፍር ይጠየቅ።

የጻፉልኝ ጥቂት መስመር ስለሆነ ሰነድ ሳላይ ከዚህ በላይ መናገር አልችልም። ቢሮ ከመከራየትዎ በፊት የአስማሚነት ውልዎን፣ የምስጢር ጥበቃ ቅጽዎንና የክፍያ ስምምነትዎን ረቂቅ ይዘው ጠበቃ ያማክሩ። የራስዎን ቢሮ የንግድ ፈቃድ ነገር ንግድ ቢሮ በአካል ሄደው ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ለወዳጅዎ ደግሞ ዛሬውኑ ደውለው፣ ሸሪኩ እስኪገኝ ድረስ ስለ ጉዳዩ እንዳይነግርዎ ይንገሩት።