ሕጉ በየጊዜው ከተቀየረ ምን ላጥና? ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሜሪላንድ ውስጥ የሦስተኛ ዓመት የስታቲስቲክስ ተማሪ ነሽ። ቤዝቦል ቡድን ውስጥ ቁጥር ተንታኝ ሆነሽ መሥራት ትፈልጊያለሽ። አባትሽ ግን «ነርሲንግ ግቢ፣ ካልሆነም ሳይበር ሴኩሪቲ፤ የዱላ ጨዋታ እንጀራ አይሆንሽም» ብለውሻል። ከሳቸው ቃል በላይ ያስጨነቀሽ ደግሞ ሌላ ነው። የቤዝቦል ሕጉ በየጊዜው እየተቀያየረ ስለሆነ ዛሬ ያጠናሁት ስመረቅ ዋጋ ያጣል ወይ? ተጫውቼ ስለማላውቅስ ማን ይሰማኛል? ብለሽ ጠይቀሻል።

ከሕጉ ልጀምር፤ እዚያ ላይ ነገሩን ገልብጠሽ ያየሽው ይመስለኛል። ሕግ ሲቀየር የሚጎዳው ሃያ ዓመት ልማድ ያካበተው ሰው ነው። አንቺ የምትረሺው ነገር የለሽም። አዲስ ሕግ በወጣ ማግስት የአሜሪካው ዋና ሊግ የሰላሳውም ቡድን ሰዎች እንዳንቺው ጀማሪ ናቸው።

2023ን እንውሰድ። በዚያ ዓመት ብዙ ነገር ባንዴ ተቀየረ። ኳስ ለሚወረውረው ለፒቸሩ ሰዓት ተቆረጠለት፤ ሯጭ ከሌለ 15 ሰከንድ፣ ካለ 20 ሰከንድ። ሁለተኛው በ2024 ወደ 18 ወረደ። ተከላካዮቹም ወደ አንድ ጎን መከማቸት ቀረባቸው። የዘጠኝ ኢኒንግ (ዙር) ጨዋታ በ2022 በአማካይ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጅ ነበር፤ በ2023 ወደ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ወረደ። ይህን ሁሉም ያወራዋል። እኔ ግን አንቺ ብታተኩሪበት የምወደው ቤዝ ስርቆቱን ነው፤ ሯጩ ኳስ ሳይመታለት ከአንዱ ቤዝ (ማረፊያ) ወደ ሚቀጥለው ሮጦ የሚደርስበትን።

በ2022 በመላው ሊግ የተሰረቁት ቤዞች 2,486 ነበሩ። በ2023 3,503 ሆኑ። ሯጮቹ ባንድ ክረምት ፈጣን ሆነው አይደለም። ቤዙ ከ15 ኢንች ወደ 18 ኢንች ስለሰፋ፣ ከአንደኛው እስከ ሁለተኛው ቤዝ ያለው ርቀት በ4.5 ኢንች አጠረ። ፒቸሩ ደግሞ ለአንድ መቺ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ከሚወረውርበት ሳንቃ ወርዶ ሯጩን ማስፈራራት የሚችለው። በሦስተኛው ካላስወጣው ሯጩ ቤዙን በነጻ ይወስዳል። እንግዲህ ሯጩ ቆሞ አንድ፣ ሁለት ብሎ ይቆጥራል። ከዚያ ወዲያ የፒቸሩ እጅ ታስሯል። ከመቶ ሙከራ 75 ያህሉ ይሳካ የነበረው ወደ 80 ከፍ አለ።

አምስት በመቶ ምን አላት ትይ ይሆናል። ግን ሯጩ ከተያዘ ቡድኑ ኢኒንጉ ከሚያልቅባቸው ሦስት አውቶች አንዱን ያጣል፤ አውት ደግሞ ከአንድ ቤዝ በጣም ይወደዳል። ስለዚህ ስርቆት የሚያዋጣው በግምት ከአራት ሦስቱ ሲሳካ ነው። በ75 ላይ ከሆንሽ ወይ አታተርፊም ወይ አትከስሪም። በ80 ላይ ከሆንሽ «ሂድ» ማለት ይሻላል። ይህን ቀድሞ ያወቀ ቡድን እግረ ፈጣን ተጫዋች ሌላው ዋጋውን ሳያውቅ ይገዛል። በዚያው ዓመት የአትላንታው ሮናልድ አኩኛ 41 ሆም ራን (ኳሷን ከሜዳው አጥር ውጭ የሚያወጣ ምት) መትቶ 73 ቤዝ ሰረቀ። 40ን ከ70 ጋር ያጣመረ ከሱ በፊት አልነበረም።

አሁን ደግሞ የ2026ቱን ተመልከቺ። ዳኛው የጠራውን ቦልና ስትራይክ (ሳትመታ ያለፈችው ኳስ ከክልሉ ውጭ ወይስ ውስጥ እንደሆነች) መቺው፣ ፒቸሩ ወይም ከመቺው ኋላ ኳስ የሚይዘው ካቸር ኮፍያውን ወይ ሄልሜቱን መታ መታ አድርጎ በካሜራ እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል። ወዲያው መጠየቅ አለበት፤ ከቤንች ማንም ሊነግረው አይፈቀድም። እያንዳንዱ ቡድን ጨዋታውን የሚጀምረው በሁለት ዕድል ነው። ልክ ከሆነ ዕድሉ ይቆይለታል፣ ከተሳሳተ ይቃጠልበታል። የስትራይኩ ክልል በመቺው ቁመት ነው የሚለካው፤ ላዩ 53.5 በመቶ፣ ታቹ 27 በመቶ ላይ። ታዲያ ዕድሉን መቼ ነው ማውጣት ያለባቸው? በመጀመሪያው ኢኒንግ ማንም ቤዝ ላይ ሳይኖር የመጀመሪያዋን ኳስ ብትከራከሪባት የምታገኚው ትንሽ ነው። ሦስቱም ቤዝ ሞልቶ፣ ሁለት አውት ሆኖ፣ ሦስት ቦልና ሁለት ስትራይክ ላይ (ሦስተኛ ስትራይክ መቺውን ያስወጣል፣ አራተኛ ቦል በነጻ ወደ ቤዝ ያሳልፈዋል) ከሆነ ግን ያቺ አንዲት ኳስ ስትራይክ ከተባለች ኢኒንጉ ያልቃል፣ ቦል ከተባለች ነጥብ ይገባል፣ ጨዋታውም ይቀጥላል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ለእያንዳንዱ ሁኔታ ማስላት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የምትችለው ሥራ ነው። ኳስን በጓንቱ አለስልሶ ይዞ ዳኛውን በማሳመን እንጀራውን የሚበላው ካቸርስ ዋጋው ስንት ይሆናል? ይህም ገና በደንብ ያልተመለሰ ጥያቄ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጭንቀትሽ ልምጣ። «ተጫውቼ አላውቅም» ያልሽውን እረዳሻለሁ። በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ግን እንደ ቀላል ነገር አንድ መስመር ጽፈሻል፤ ከአሥር ዓመትሽ ጀምሮ እናትሽን ሐኪም ቤት እየወሰድሽ ታስተረጉሚ እንደነበር። እህቴ፣ ሲቪሽ ላይ የሌለው ትልቁ ነገር እሱ ነው! ሐኪሙ «የደም ግፊትሽ ይሄን ያህል ነው» ሲላቸው ቁጥሩን ብቻ ይዘሽ ወደ እናትሽ አልዞርሽም። «እማዬ፣ ጨው ቀንሺ ነው የሚልሽ፤ መድኃኒቱንም ማታ ማታ ውሰጂ» ነው ያልሻት። ቁጥር ተንታኝ ቡድን ውስጥ የሚሠራው ይህንኑ ነው። አሰልጣኙ ሞዴሉን ማየት አይፈልግም። ዛሬ ማታ ምን ላድርግ ነው የሚለው።

ይህ ሲበላሽ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ፤ ቃለ መጠይቅ ላይም ሊጠይቁሽ ይችላሉ። ኦክቶበር 27 ቀን 2020፣ የወርልድ ሲሪስ (የሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ) ስድስተኛ ጨዋታ፣ ታምፓ ቤይ ከዶጀርስ። ታምፓ 1 ለ 0 እየመራ ነው። ፒቸሩ ብሌክ ስኔል በዚያ ምሽት የሚነካ አልነበረም። ዘጠኝ ሰው በስትራይክ አስወጥቷል፤ የወረወረው ገና 73 ኳስ ነው። በስድስተኛው ኢኒንግ ሁለተኛዋን ሂት (መቺውን ቤዝ የሚያደርስ ምት) ብቻ ሲሰጥ አሰልጣኙ ኬቨን ካሽ ወጥቶ ኳሱን ተቀበለው። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ መቺዎች አንድን ፒቸር ለሦስተኛ ጊዜ ሲያገኙት ይለምዱታል፣ ቁጥሩም ያንን ያሳያል። ግን ተራቸው የደረሰው ሦስቱ የዶጀርስ መቺዎች በዚያች ሌሊት ስኔልን ስድስት ጊዜ ገጥመውት ስድስቱንም በስትራይክ ወጥተዋል። የተተካው ኒክ አንደርሰን ደግሞ ከዚያ በፊት በነበሩት ጨዋታዎች ነጥብ ሲሰጥ የሰነበተ ነው። የዶጀርሱ ሙኪ ቤትስ ወዲያው ደብል (ሁለተኛው ቤዝ የሚያደርስ ምት) መታ። ኢኒንጉ ሳያልቅ ዶጀርስ 2 ለ 1 መራ፣ በመጨረሻም 3 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ቴሌቪዥኑ ስኔል ላይ ሲቀርብ ፊቱን ማየት ይከብድ ነበር።

ብዙ ሰው «ቁጥር አሸነፋቸው» ብሎ ያልፈዋል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያገኙት ይለምዱታል የሚለው እውነት ነው፣ ግን አማካይ ነው። ጥያቄው «ስኔል ይውጣ?» ብቻ አልነበረም። «ስኔል ወይስ ዛሬ ማታ ያለው፣ የደከመው አንደርሰን?» ነበር። ሁለት ሰው ሳታወዳድሪ አንዱን ብቻ ከመዘንሽ ሚዛንሽ ትክክል ቢሆንም ውሳኔሽ ይሳሳታል። ይህን ለጠያቂሽ በሁለት ደቂቃ ማስረዳት ከቻልሽ፣ ተጫውተሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ የሚጠይቅሽ ያለ አይመስለኝም።

ወደ ተግባሩ። ለሰላሳ ቡድን ሲቪ ከመበተንሽ በፊት አንዲት ሥራ ሥሪ። ዳታው ቤዝቦል ሳቫንት በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነጻ አለ፤ የድሮውን ሬትሮሺት ከሚባለው ታወርጂዋለሽ። ከፕሮግራም ቋንቋዎቹ ፓይተን ወይ አር ታውቂያለሽ፣ የዳታቤዝ ቋንቋውን ኤስኪውኤል ጨምሪበት። አንድ የሕግ ለውጥ ምረጪ፤ በፊትና በኋላ የሆነውን አወዳድሪ፤ ከዚያ በአንድ ገጽ ጻፊው። የገጹ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር አሰልጣኙ ምን ማድረግ እንዳለበት ይናገር። ግራፉ ከታች ይምጣ። ከዚያ ገጹን ይዘሽ የዩኒቨርሲቲሽን የቤዝቦል ቡድን አሰልጣኞች በአካል አናግሪ። በኢሜይል ብቻ አይሆንም፣ ሂጂ። በአካባቢሽም የኮሌጅ ልጆች በበጋ የሚጫወቱበት የካል ሪፕከን ሊግ አለ፤ ቤተዝዳ ቡድን አላት። ገንዘብ ብዙ ላይኖረው ይችላል። ግን አንድ በጋ ከአሰልጣኝ ጎን ተቀምጠሽ የሚጠይቅሽን ጥያቄ መስማት ክፍል ውስጥ አይገኝም። ብዙ ተጫዋቾች ከዶሚኒካንና ከቬኔዝዌላ ስለሚመጡ ስፓኒሽም ጀምሪ። ሁለት ቋንቋ ለያዘ ሰው ሦስተኛው አይከብድም።

እውነቱን ልደብቅሽ አልፈልግም፤ መንገዱ ረጅም ነው። ቦታው ጥቂት ነው፣ የጀማሪ ደሞዙም ቴክ ኩባንያ ከሚከፍለው ያነሰ ነው፣ ማታና ቅዳሜ እሑድ ሥራ አለ፣ ትንሽ ከተማም ሊልኩሽ ይችላሉ። ኪም ኢንግ በቺካጎ ዋይት ሶክስ በተለማማጅነት ነው የጀመረችው። ማያሚ ማርሊንስ በኖቬምበር 2020 ዋና ሥራ አስኪያጅ አድርጎ ሲሾማት ሠላሳ ዓመት ገደማ አልፎ ነበር። ከሷ በፊት በዚያ ወንበር ሴት ተቀምጣ አታውቅም። በ2023 ቡድኗን ፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ወቅት በኋላ ያለው የዋንጫ ውድድር) አስገባች። ከወቅቱ በኋላ ክለቡ ከበላይዋ ሌላ አለቃ ሊያመጣ ሲል ለቀቀች። መልቀቋንም እንደ መሾሟ አከብረዋለሁ።

ስለዚህ ለራስሽ ቀን ቁረጪ። ከምርቃትሽ በኋላ ሁለት የቅጥር ወቅት ሞክሪ። ቡድኖቹ በብዛት ሰው የሚፈልጉት ወርልድ ሲሪሱ ካለቀ በኋላ ነው። ሁለቱም ካልሆነ ትምህርትሽ ሜዳ ላይ አልቀረም። ለአባትሽም ይህን ንገሪያቸው፤ ግን «ቤዝቦል» ብለሽ አትጀምሪ። «አባዬ፣ አንድ ነገር ሲቀየር ምን እንዳመጣ መለካት ነው የምማረው» በያቸው። መድኃኒት ከመፈቀዱ በፊት የሚሠራው ይኸው ነው፤ መድኃኒት የሚፈቅደው ኤፍዲኤ እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የጤና ምርምር ተቋሙ ኤንአይኤች ቤተዝዳ ነው ያለው። እሳቸው የሚፈሩት ጨዋታውን ሳይሆን ልጃቸው ባዶ እጇን እንዳትቀር ነው። ያንን ፍርሃት ቁጭ ብለሽ ስሚላቸው፤ ሁለቱን ወቅትም አስፈቅጂያቸው።

ገጹን ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ አነባለሁ። የምትመርጪው ጥያቄ የኮፍያ መታ መታውን ዕድል መቼ እንደሚያወጡት የሚመለከት ከሆነ ደግሞ ከሌላ ሰው በፊት እኔ ላንብበው።