የታመመ ዓሣ ጥያቄና መልስ፦ ሊትሩን ሳትነግሩኝ መድኃኒት አትጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ። እንደተባባልነው ቤት ውስጥ በመስታወት ገንዳ (አኳሪየም) ለምታረቡት ዓሣ ጥያቄያችሁን ዛሬ ማታ እመልሳለሁ። ገንዳው ስንት ሊትር እንደሚይዝ፣ የዓሣውን ዓይነትና የውሃውን ሙቀት ጻፉ። "ዓሣዬ ታመመ" ብሎ ብቻ የሚጽፍ ሰው መልስ አይጠብቅ።

ከደሴ፣ ሆጤ፦ ጋሼ፣ ገንዳው 60 ሊትር ነው፣ ጋፒና ሞሊ አሉኝ። ክንፋቸው ላይ ጨው የተነሰነሰባቸው የሚመስል ነጭ ነጥብ ወጣ፣ ድንጋዩም ላይ ይታከካሉ። የነጭ ነጥብ መድኃኒት ሦስት ቀን ሰጠኋቸው፣ ለውጥ የለም። ሂተር (የውሃ ማሞቂያ) የለኝም፣ ውሃው 19 ዲግሪ ነው።

መልስ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው! መድኃኒቱ ላይ አትፍረድ፣ ጉዱ ብርዱ ነው። ይሄ ኢክ የሚባለው ጥገኛ ተውሳክ ነው። ዓሣው ቆዳ ሥር ተደብቆ እያለ ምንም ብትጨምር አይነካውም። ጠግቦ ይወርድና ታች ተጣብቆ ይባዛል፣ ከዚያ ልጆቹ ሌላ ዓሣ ፍለጋ ውሃው ውስጥ ሲዋኙ ነው የሚገደሉት። ይሄ ዙር በ26 ዲግሪ ሳምንት አይሞላም፤ በደሴ ብርድ ግን ከዚያ በጣም ይረዝማል፣ አንተ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ተስፋ ቆረጥክ። ሂተር ግዛ። በቀን አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ እየጨመርክ 28 አድርስ። ሙቅ ውሃ ብዙ ኦክስጅን አይዝም፣ ደሴ ደግሞ ከፍታዋ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነ መጀመሪያውኑም ያንሳል፣ ስለዚህ አየር ማሽኑ ሌሊትም አይጥፋ። ፊልተሩ ውስጥ ከሰል ካለ አውጣው፣ መድኃኒቱን ይመጠዋል። የመጨረሻው ነጥብ ከጠፋ በኋላም አንድ ሳምንት ቀጥል። ጋፒና ሞሊ ጨው ስለሚችሉ፣ መድኃኒት ካላገኘህ በሊትር 2 ግራም ጨው አሟሟና በሁለት ቀን ውስጥ ከፋፍለህ ጨምር። እባክህ የፊልተሩን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ አትጠበው።

ከባቲ፦ ጨው ከተነሳ አይቀር፣ አዮዲን ያለበት ዓሣ ይጨርሳል። የአፋር አሞሌ ነው ደጉ።

ከኮምቦልቻ፦ ማን ነገረህ? እኔ የወጥ ቤት ጨው ነው የምጨምረው፣ አንድም አልሞተብኝ።

ከባቲ፦ እናንተ ሙቀት ስላላችሁ ነዋ።

ከኮምቦልቻ፦ ሙቀት? ባቲ ተቀምጠህ?!

ከደሴ፣ ሸዋ በር፦ አሞሌ በስንት ነው አሁን ባቲ ገበያ?

መልስ፦ ኧረ ተዉ እባካችሁ። በዚህ መጠን አዮዲኑ ዓሣ አይጎዳም። አሞሌም ይሆናል፣ አፈሩን አጥልሉት ብቻ። ዋናው መመዘኑ ነው፣ በእፍኝ አይጨመርም። ኮሪዶራስ የሚባለው ዓሣ ወይም ተክል ያለው ግን ጨው ላይ ይጠንቀቅ። የገበያ ዋጋ እኔን አትጠይቁኝ።

ስም የለሽ፦ ዓሣዬ አልበላ አለ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሊትር? ዓይነት? ሙቀት?

ከወልድያ፦ ጋሼ እንዴት አመሹ። ገንዳውን ከገዛሁት ሳምንቱ ነው፣ 40 ሊትር፣ አራት ጎልድፊሽ አለው። ውሃው ደመና መሰለ፣ ዓሦቹ ላይ ወጥተው አየር ይጎርሳሉ። ቴትራሳይክሊን በትኜ ልጨምርበት?

መልስ፦ አይሆንም እህቴ! ዓሦቹ አልታመሙም፣ ከራሳቸው በሚወጣው አሞኒያ እየተመረዙ ነው። አዲስ ገንዳ አሞኒያውን የሚበላ ባክቴሪያ የለውም፤ እስኪያፈራ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። ቴትራሳይክሊን ስትጨምሪ የጀመረውንም ልትገድይው ትችያለሽ። ዛሬውኑ ሲሶውን ውሃ ቀይሪ፣ ለሁለት ቀን ምግብ አትስጪ፣ ከዚያም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቀይሪ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው አፉ በሰፋ ባልዲ አንድ ቀን ይደር። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁላችንም ሮቶ አለን፣ ሮቶ ውስጥ የከረመ ይሻላል። አራት ጎልድፊሽ ለ40 ሊትር ብዙ ነው፣ ለሰው ስጪ። ስፖንጁንም ከገንዳው በቀዳሽው ውሃ እንጂ በቧንቧ እንዳታጥቢ።

ከደሴ፣ ፒያሳ፦ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ ሲመጣ ፊልተሩ ይሸታል።

መልስ፦ ባክቴሪያው ታፍኖ ሞቷል ማለት ነው። ዝም ብለህ እንዳትሰካው፣ ያ ቆሻሻ ገንዳው ውስጥ ይተፋል። ከገንዳው በቀዳኸው ውሃ አለቅልቀው፣ ከዚያ ስካ። በባትሪ የሚሠራ አየር ማሽንም ፈልግ።

ከኮምቦልቻ፦ ጎልድፊሼ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል።

መልስ፦ ሁለት ሦስት ቀን አስጹመው። ከዚያ የተቀቀለ አተር፣ ልጣጩ ወጥቶ። ቅርፊቱ ከቆመ ግን ሌላ በሽታ ነው፣ ለይተህ አስቀምጠው።

ከሐይቅ፦ ከሐይቃችን ትንንሽ ቆሮሶ (ቲላፒያ) አምጥቼ ከጋፒዎቹ ጋር ባደርግስ? ጠንካራ ናቸው።

መልስ፦ ጠንካራ ስለሆኑ ነው የምፈራቸው። ተውሳኩን ይዘው እነሱ ምንም ሳይሆኑ ያንተን ጋፒ ይጨርሱታል። ሲያድጉ ደግሞ የተረፈውን ይውጡታል። የግድ ካልክ አንድ ወር ለብቻቸው ይቆዩ፣ መረቡንም አትጋራ።

ከሐይቅ፦ ታሞ ከሞተ ጠብሰን እንበላዋለን እንግዲህ 😂

መልስ፦ ቀልድ ከሆነ ጥሩ። ማላካይት ግሪን (የነጭ ነጥብ መድኃኒት ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው ኬሚካል) የገባበት ዓሣ አይበላም፣ ለድመትም አይሰጥም። እጁ ላይ ቁስል ያለውም ሰው ገንዳው ውስጥ ያለ ጓንት አይግባ።

ከደሴ፣ አራዳ፦ ጋሼ ለነጭ ነጥብ የትኛው መድኃኒት ይሻላል?

መልስ፦ የሆጤውን አንብብ። ሊትርህንም ጻፍ።